በድረ ገጽ ቅጽ በተሰበሰቡ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ያልተፈለጉ የመስመር መቁረጫዎችን ስለ ማጽዳት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በድረ ገጽ ቅጽ የሚሰበሰብ የጽሑፍ መረጃ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ያላሰባቸውን የመስመር መቁረጫዎች ይዞ ወደ ተመራማሪው ይደርሳል። መቁረጫዎቹን በጅምላ መሰረዝ ቃላትን ያጣብቃል፤ በጅምላ በክፍት ቦታ መተካት ደግሞ በመስመር መጨረሻ የተከፈለውን ቃል እንደ ተከፈለ ያስቀራል፣ ግጥምንና ዝርዝርንም ያፈርሳል። ይህ ጽሑፍ የመቁረጫዎቹን ምንጭና በመረጃ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ይመረምራል፤ ለአማርኛ ጽሑፍ የሚስማማ የማጽዳት ቅደም ተከተልና የውጤት ማረጋገጫም ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመስመር መቁረጫ፣ የድረ ገጽ ቅጽ፣ የጽሑፍ መረጃ ዝግጅት፣ ሁለት ነጥብ

1. መግቢያ

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚደረጉ ጥናቶች የጽሑፍ መረጃ ከሚሰበስቡባቸው መንገዶች አንዱ የድረ ገጽ ቅጽ ነው። መላሹ ዕድሜውን፣ መኖሪያውንና አስተያየቱን በየሣጥኑ ይሞላል፤ ተመራማሪው ደግሞ የተሞላውን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ተጠቃልሎ ይረከባል። ከመላሹ እስከ ተመራማሪው ባለው መንገድ ጽሑፉ በብዙ እጅ ያልፋል። መላሹ የቀዳበት ሰነድ፣ ብራውዘሩ፣ ሰርቨሩ፣ የመረጃ ቋቱና መረጃውን ወደ ሠንጠረዥ የሚለውጠው ሶፍትዌር መስመርን በመቁረጥ ረገድ የየራሳቸው ልማድ አላቸው። በዚህም ምክንያት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ በሦስት ወይም በአራት መስመር ተበጣጥሶ ሊገኝ ይችላል።

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ መቁረጫዎቹን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ማጥፋት ነው። ትእዛዙ ቀላል ቢሆንም የሚያጠፋው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ መቁረጫ የግጥም ስንኝን ይዘጋል፤ ሌላው አንቀጽን ከአንቀጽ ይለያል፤ ሦስተኛው ገጹ ስለ ጠበበ ብቻ የገባ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ሦስቱንም በአንድ ምልክት ይመዘግባቸዋል። ስለዚህ ማጽዳት ከመጀመሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ መቁረጫውን ያስገባው ማን ነው የሚለው ነው፤ ጸሐፊው ያስገባው ይጠበቃል፣ መሣሪያው ያስገባው ይወገዳል። ቀጥሎ ያሉት ክፍሎች ይህን ልዩነት ከጽሑፉ ከራሱ ማንበብ የሚቻልበትን መንገድ ያሳያሉ።

2. የምልክቱ አመጣጥና አመዘጋገብ

የመስመር መቁረጫ ከቴሌፕሪንተር ዘመን የተወረሰ ነው። በዚያ መሣሪያ አዲስ መስመር ለመጀመር ሁለት ሥራ ያስፈልግ ነበር፤ አንደኛው የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መነሻ መመለስ፣ ሁለተኛው ወረቀቱን አንድ መስመር መግፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የአስኪ ሥርዓት ለመጀመሪያው ሥራ 13 ቁጥርን፣ ለሁለተኛው 10 ቁጥርን ሰጠ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለያየ። ዩኒክስና ተከታዮቹ 10ን ብቻ፣ ዶስና ዊንዶውስ 13ንና 10ን በተከታታይ፣ የቀድሞው ማኪንቶሽ እስከ ማክ ኦኤስ 9 ድረስ 13ን ብቻ የመስመር መጨረሻ አደረጉ። ዩኒኮድ በበኩሉ በቁጥር 8232 የመስመር መለያን፣ በቁጥር 8233 የአንቀጽ መለያን ጨመረ።

በድረ ገጽ ቅጽ ላይ ይህ ታሪክ ዛሬም ይታያል። በኤችቲኤምኤል መመዘኛ መሠረት በባለ ብዙ መስመር ሣጥን ውስጥ ያለ መቁረጫ ሁሉ በገጹ ላይ ለሚሠራው ፕሮግራም በ10 ብቻ ይቀርባል፤ ቅጹ ሲላክ ግን ወደ 13ና 10 ጥምር ይለወጣል። ስለዚህ 12 መቁረጫዎችን ጨምሮ በብራውዘሩ 500 ምልክት ተብሎ የተቆጠረ ምላሽ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ 512 ይሆናል። የመረጃ ቋቱ ዓምድ ለ500 ብቻ ተዘጋጅቶ ከሆነ ምላሹ ተቀባይነት ያጣል፣ አለዚያም ጫፉ ይቆረጣል።

ባለ አንድ መስመር ሣጥን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። መመዘኛው በእንዲህ ያለው ሣጥን ዋጋ ውስጥ የተገኘ መቁረጫ እንዲወገድ ያዛል፤ በምትኩ ክፍት ቦታ እንዲገባ ግን አያዝም። ከሰነድ ተቀድቶ በመጣ አድራሻ «አዲስ» በመስመሩ መጨረሻ፣ «አበባ» በቀጣዩ መስመር መነሻ ላይ ቢገኙ ውጤቱ «አዲስአበባ» ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ብራውዘሮች ጽሑፉ በሚለጠፍበት ጊዜ መቁረጫውን አስቀድመው በክፍት ቦታ ስለሚተኩ፣ አንዱ የከተማ ስም ከሁለት መላሾች በሁለት መልክ ይመጣል። መላሾችን በመኖሪያ የሚመድብ ሶፍትዌርም አንዱን ከተማ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

3. ያልተፈለገው መቁረጫ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ኢሜይል ነው። የኢሜይልን ቅርጽ የሚወስነው አርኤፍሲ 5322 አንድ መስመር ከ998 ምልክት እንዳያልፍ ያስገድዳል፣ ከ78 ባያልፍም ይመክራል። በዚህ ምክንያት ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ረጅሙን አንቀጽ በየመስመሩ ይቆርጡታል፤ መላሹ ከኢሜይል የቀዳውን ወደ ቅጽ ሲለጥፍ መቁረጫዎቹ አብረውት ይገባሉ።

ሁለተኛው ምንጭ ፒዲኤፍ ነው። በዚህ ዓይነት ሰነድ ውስጥ ፊደላት በገጹ ላይ ባላቸው ሥፍራ ይመዘገባሉ፤ የሰነዱን መዋቅር የሚገልጽ ተጨማሪ መረጃ ካልተካተተበት በቀር አንቀጹ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የተጻፈ ነገር የለም። ቀድቶ የሚያወጣው ፕሮግራም እያንዳንዱን የታተመ መስመር እንደ አንድ ራሱን የቻለ መስመር ያወጣዋል።

ሦስተኛው ምንጭ ቅጹ ራሱ ነው። ባለ ብዙ መስመር ሣጥን መስመርን በግድ እንዲቆርጥ ሆኖ ከተዘጋጀ፣ ብራውዘሩ በሣጥኑ የተወሰነ ስፋት ልክ መቁረጫ እየጨመረ ይልካል። መላሹ በማያው ላይ ያየው መታጠፍ ብቻ ነው፤ ተመራማሪው የሚረከበው ግን እውነተኛ መቁረጫ ነው።

አራተኛው ምንጭ ጽሑፉን መልሶ ለማሳየት የሚደረግ ለውጥ ነው። ኤችቲኤምኤል ተራውን መቁረጫ እንደ ክፍት ቦታ ስለሚያሳየው፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ መስመር የሚያስቀይር የኤችቲኤምኤል ምልክት ይጨምራሉ። ይህ ለውጥ ለእይታ ብቻ መሆን ሲገባው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ጽሑፉ ታርሞ በተመለሰ ቁጥር ምልክቱ ይደራረባል፤ አንዱ መስመር መቀየሪያም ሁለትና ሦስት እየሆነ ይሄዳል።

መሣሪያ ያስገባውን መቁረጫ ጸሐፊ ካስገባው ለመለየት የተደረገ ጥሩ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አርኤፍሲ 3676 ኢሜይልን የሚቆርጠው ፕሮግራም በራሱ ባስገባው መቁረጫ ፊት አንድ ክፍት ቦታ እንዲተው ይደነግጋል። እንዲህ ያለው ምልክት ተጠብቆ ከተገኘ ግምት አያስፈልግም። ነገር ግን ብዙ የማጽጃ ፕሮግራሞች በመስመር መጨረሻ ያለውን ክፍት ቦታ ከሁሉ አስቀድመው ስለሚጠርጉ፣ ማስረጃውን ሳያነቡ ያጠፉታል።

4. በመረጃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በቅጽ የተሰበሰበ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በሲኤስቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 4180 እንደሚለው እያንዳንዱ መዝገብ በመቁረጫ ይለያል፤ በውስጡ መቁረጫ ያለው መስክ ደግሞ በጥቅስ ምልክት መታጠር አለበት። ስለዚህ በሲኤስቪ ውስጥ መቁረጫ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ከጥቅስ ውጭ ሲሆን መዝገብን ይዘጋል፣ በጥቅስ ውስጥ ሲሆን የጽሑፉ አካል ነው። ጥቅሱን ሳያስተውል ፋይሉን መስመር በመስመር የሚያነብ ፕሮግራም ይህን ልዩነት አያውቅም።

የስሕተቱን መጠን በስሌት ማሳየት ይቻላል። 200 ምላሾች ያሉት መጠይቅ ይታሰብ፤ ከእነዚህ በ30ዎቹ የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ሁለት ሁለት መቁረጫ አለ። መስመር በመስመር የሚያነበው ፕሮግራም የዓምድ ርእሱን ሳይጨምር 260 መዝገብ ይቆጥራል። በትርፍነት የተገኙት 60 «መላሾች» ዕድሜም ሆነ መኖሪያ የላቸውም፤ በዕድሜው ዓምድ ሥር የተቀመጠው የአንድ አስተያየት ቅጣይ ነው። ሶፍትዌሩ እነዚህን ረድፎች «መልስ ያልተሰጠበት» ብሎ ቢመድባቸው ያልመለሱ ሰዎች ድርሻ ከዜሮ ወደ 23 በመቶ ከፍ ይላል። ተመራማሪው የሚያየው ሠንጠረዥ ሥርዓት ያለው ስለሚመስል ስሕተቱ ሳይታወቅ እስከ ትንተናው ምዕራፍ ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ጉዳት ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። ከቅጹ ተነሥቶ ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም የመላሹን ስም ወይም የመልእክቱን ርእስ በኢሜይሉ ራስጌ ውስጥ በቀጥታ ካስገባ፣ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በዚያ ሣጥን መቁረጫ አስገብቶ የራሱን የራስጌ መስመር ሊጨምር ይችላል። ብራውዘሩ ባለ አንድ መስመሩን ሣጥን ማጽዳቱ ለዚህ መከላከያ አይሆንም፤ ጥያቄውን ያለ ብራውዘር ወደ ሰርቨሩ መላክ ይቻላልና። በስም፣ በርእስና በኢሜይል አድራሻ መስኮች መቁረጫ የያዘ ምላሽ በሰርቨሩ ላይ ተቀባይነት ማግኘት የለበትም።

5. የአማርኛ አጻጻፍ የሚያነሣው ጥያቄ

በላቲን ፊደል ለተጻፈ ጽሑፍ የተዘጋጁ የማጽጃ ፕሮግራሞች አንድ ግምት አላቸው፤ ቃል በመስመር መጨረሻ ከተከፈለ ጭረት ይኖረዋል፣ ጭረት ከሌለ ቃሉ አልቋል የሚል ነው። ይህ ግምት በኢትዮጵያ ፊደል ሁልጊዜ አይሠራም። በብራና ጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበር። ጸሐፊው መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን በደረሰበት ፊደል ላይ ቆርጦ ያለ ጭረት ወደ ቀጣዩ መስመር ያሳልፋል፤ አንባቢውም ሁለት ነጥብ እስኪያይ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃል። የድረ ገጽ አቀራረብን የሚወስነው የሲኤስኤስ የጽሑፍ መመዘኛም የኢትዮጵያ ፊደል ሁለት የመስመር አቆራረጥ ስልት እንዳለው ይጠቅሳል፤ አንዱ በቃላት መለያ ላይ ብቻ ይቆርጣል፣ ሌላው በቃል ውስጥ ባሉ ፊደላት መካከልም ይቆርጣል።

ዛሬ በኮምፒዩተር ሲጻፍ የሁለት ነጥብን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ቦታ ይዞታል። በመሆኑም ወደ ቅጽ የሚገባው የአማርኛ ጽሑፍ ከሁለት ልማድ ይመጣል። በክፍት ቦታ በተለየ ጽሑፍ ውስጥ በመስመር መጨረሻ ምንም ምልክት አለመኖሩ ቃሉ ማለቁን ያመለክታል፤ ሲጋጠም ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። በሁለት ነጥብ በተለየ ጽሑፍ ውስጥ ግን የምልክቱ አለመኖር ቃሉ እንዳላለቀ ይናገራል፤ «ዩኒቨር» በአንዱ መስመር፣ «ሲቲ፡» በቀጣዩ ቢገኙ ያለ ክፍት ቦታ መጋጠም አለባቸው። ስለዚህ መቁረጫ ከመነካቱ በፊት በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ሁለት ነጥቦችና ክፍት ቦታዎች ተቆጥረው የትኛው ልማድ እንደ ሰፈነ መታወቅ ይኖርበታል።

ቆጠራውን የሚያሳስት አንድ የተለመደ አጻጻፍ አለ። ሁለት ነጥብ በዩኒኮድ 4961፣ አራት ነጥብ 4962 የተባለ የየራሳቸው ቁጥር ቢኖራቸውም፣ ብዙ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ በመምታት ይጽፉታል፤ በላቲኑ ኮሎን የሚተኩትም አሉ። ማጽጃው ተከታታይ ሁለት ነጥቦችን እንደ አራት ነጥብ ካላነበበ፣ በክፍት ቦታ የተለየውን ጽሑፍ በሁለት ነጥብ የተለየ አድርጎ ይገምታል፤ ከዚያም ቃላቱን ሁሉ ያጣብቃል።

6. የማጽዳት ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይቀርባል።

አንደኛ፣ ምላሹ በደረሰበት መልክ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ማጽዳቱ በቅጂው ላይ ይከናወናል። የተሰረዘ መቁረጫ የት እንደ ነበረ ከጸዳው ጽሑፍ ተነሥቶ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ የመቁረጫው አመዘጋገብ አንድ ይደረጋል። በመጀመሪያ 13ና 10 ጥምሩ ወደ 10 ይለወጣል፤ ቀጥሎ ብቻውን የቀረ 13 ወደ 10 ይለወጣል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ እያንዳንዱ ጥምር ሁለት 10 ይሆናል፤ በጽሑፉም ውስጥ ያልነበረ የአንቀጽ ክፍተት ይፈጠራል። የመስመር መለያው 8232 በአንድ 10፣ የአንቀጽ መለያው 8233 በሁለት 10 ይተካል።

ሦስተኛ፣ በመስመር መጨረሻ የሚገኙ ክፍት ቦታዎች የአርኤፍሲ 3676 ምልክት መሆን አለመሆናቸው ከታየ በኋላ ይጠረጋሉ። ክፍት ቦታ ብቻ የያዘ መስመር ባዶ መስመር የሚሆነው በዚህ ደረጃ ነው።

አራተኛ፣ ጽሑፉ በባዶ መስመሮች ላይ ወደ አንቀጾች ይከፈላል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በየአንቀጹ ውስጥ ስለሚካሄድ የአንቀጽ ድንበር አይነካም።

አምስተኛ፣ በአንቀጹ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ መቁረጫ የማን እንደሆነ ይመረመራል። ለዚህ የሚያገለግለው ዋና ፈተና የቀጣዩ መስመር የመጀመሪያ ቃል በቀደመው መስመር ላይ ቦታ ያገኝ ነበር ወይ የሚለው ነው። የመስመሩ ስፋት 72 ምልክት፣ የቀደመው መስመር 65፣ ቀጣዩ ቃል 4 ፊደል ቢሆን፣ ክፍት ቦታው ተጨምሮ ድምሩ 70 ነው። ቃሉ ቦታ እያለው ወደ ታች ከወረደ መቁረጫው የጸሐፊው ነው። ቃሉ 9 ፊደል ቢሆን ድምሩ 75 ስለሚሆን መቁረጫው የመሣሪያው ሊሆን ይችላል። ፈተናው በምልክት ቁጥር ለሚቆረጥ ኢሜይል በትክክል ይሠራል፤ ፊደላቱ የተለያየ ስፋት ላላቸው የፒዲኤፍ መስመሮች ግን ግምት ብቻ ይሰጣል።

ይህ ፈተና በአማርኛ ግጥም ፊት ይደክማል። የአማርኛ ግጥም ስንኞች በቀለም ቁጥር ስለሚመጠኑ፣ ለምሳሌ በወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ስለሚሠሩ፣ የመስመሮቹ ርዝመት ይቀራረባል። ስፋቱን ከረጅሙ መስመር የሚገምት ፕሮግራም ይህን መቀራረብ አይቶ ግጥሙን የተቆረጠ ስድ ንባብ ያደርገዋል። ስለሆነም መስመሮቹ አጫጭርና ተቀራራቢ ሲሆኑ የመጨረሻ ፊደላቸው መመልከት አለበት። በተከታታይ መስመሮች መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ከተደጋገመ ስንኞቹ ቤት እየመቱ ሊሆን ስለሚችል፣ አንቀጹ ሳይነካ ለሰው ዓይን ይተላለፋል። በቁጥር ወይም በጭረት የሚጀምሩ የዝርዝር መስመሮችና የአድራሻ መስመሮችም እንዲሁ ይጠበቃሉ።

ስድስተኛ፣ የመሣሪያው ናቸው የተባሉት መቁረጫዎች ይወገዳሉ። በክፍት ቦታ በተለየ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ መቁረጫ በአንድ ክፍት ቦታ ይተካል። በሁለት ነጥብ በተለየ ጽሑፍ ውስጥ መስመሩ በነጠላ ሁለት ነጥብ ወይም ያለ ምልክት ቢያልቅ መስመሮቹ ያለ ክፍት ቦታ ይጋጠማሉ፤ በአራት ነጥብ፣ በነጠላ ሰረዝ ወይም በድርብ ሰረዝ ቢያልቅ አንድ ክፍት ቦታ ይገባል። በመጨረሻም የተደራረቡ ክፍት ቦታዎች ወደ አንድ ይወርዳሉ።

7. የውጤቱ ማረጋገጫ

የማጽዳቱ ትክክለኛነት በሦስት ፈተና ሊረጋገጥ ይችላል። የመጀመሪያው የፊደላት ፈተና ነው፤ ከመጀመሪያውና ከጸዳው ጽሑፍ ክፍት ቦታና መቁረጫ ሁሉ ቢወጣ የሚቀሩት ሁለት የፊደል ሰንሰለቶች አንድ መሆን አለባቸው። ልዩነት ከተገኘ ማጽጃው ከመቁረጫ ያለፈ ነገር ነክቷል። ድርብ የተመታውን ሁለት ነጥብ ወደ አራት ነጥብ ማስተካከል የተፈለገ እንደሆነ ከዚህ ፈተና በኋላ ራሱን በቻለ እርምጃ መፈጸም ይገባዋል። ሁለተኛው የድግግሞሽ ፈተና ነው፤ የጸዳው ጽሑፍ ዳግመኛ ቢጸዳ መለወጥ የለበትም። ሦስተኛው የመዝገብ ቆጠራ ነው፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ረድፎች ቁጥር በቅጹ ከተመዘገቡት ምላሾች ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት።

እነዚህ ፈተናዎች መስመሮቹ ያለ ክፍት ቦታ መጋጠም ሲገባቸው በክፍት ቦታ መጋጠማቸውን፣ ወይም የዚህን ተቃራኒ አያሳዩም። ለዚህ ከተጋጠሙት ሥፍራዎች በዕጣ የተመረጡ ጥቂቶች ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጎን ለጎን በሰው መነበብ ይኖርባቸዋል። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኙ ቃላት ዝርዝርም ይረዳል፤ የተጣበቁና የተከፈሉ ቃላት ብዙውን ጊዜ በዚያ ይሰበሰባሉ።

8. ማጠቃለያ

የመስመር መቁረጫን ማጽዳት ከትንተና በፊት የሚደረግ የጥናቱ ውሳኔ ነው፤ የመላሾችን ቁጥር፣ የቃላትን ድግግሞሽና የመላሹን ቃል አቀማመጥ ይለውጣል። ስለዚህ የተከተሉት ደንብ፣ የተወገዱት መቁረጫዎች ብዛትና ለሰው ዓይን የተላለፉት አንቀጾች ቁጥር በጥናቱ የአሠራር ዘዴ ምዕራፍ ሊመዘገቡ ይገባል።

ከሥራው የሚበዛው ግን በቅጹ ዝግጅት ጊዜ ሊቀር የሚችል ነው። ሣጥኑ መስመርን በግድ እንዳይቆርጥ ማድረግ፣ አጭር መልስ በሚጠበቅባቸው መስኮች መቁረጫን በሰርቨሩ ላይ መከልከል፣ ልኩን በሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር መቁጠር፣ ለእይታ የሚደረገውን ለውጥ ከመረጃ ቋቱ ማራቅና ሲኤስቪን ጥቅስን በሚያውቅ ፕሮግራም ማንበብ የመሣሪያዎቹን መቁረጫዎች በብዛት ይቀንሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት በአመዛኙ መላሹ ከሌላ ሰነድ ቀድቶ ያመጣቸውና ራሱ አስቦ ያስገባቸው ይሆናሉ፤ እነዚህን የመለየቱ ሥራም የአማርኛን የመስመር አቆራረጥና የግጥም ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢን ይጠይቃል።